ያንኑ ኃጢአት ይዞ ስንት ጊዜ ይኬዳል? የኮዬ ፈጬ ጎረቤቶች ክርክር

የግቢያችን የቴሌግራም ግሩፕ አብዛኛውን ጊዜ የሚያወራው ስለ ውሃ ፈረቃ፣ ስለ ጠፋ ቁልፍና ስለ ጎረቤት ጩኸት ነው። ባለፈው ዐቢይ ጾም፣ የጾሙ አራተኛ እሁድ በሆነው በመጻጉዕ ዋዜማ፣ ቅዳሜ ማታ ግን አንድ ሰው ለየት ያለ ነገር ጻፈ። እስከ ሰኞ ማታ ከ40 በላይ መልስ ተከተለው። አንዳንዱ ተሰርዟል፤ ሌላው በአዲስ መልእክት ተቀብሯል። ምን ተባለ እያላችሁ በውስጥ መስመር ለጠየቃችሁኝ፣ እንዳነበብኩት ልንገራችሁ። ስም አልጠራም። እዚህ ሰው የሚታወቀው በብሎክ ቁጥሩ ነው፤ ቁጥሮቹንም ቀያይሬያቸዋለሁ።

ጠያቂው ስሙን ደብቆ ነው የገባው። ባለትዳርና የልጆች አባት ነው። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቱሉ ዲምቱ አደባባይ አካባቢ ጥላ ዘቅዝቀው ለሕንጻ ማሠሪያ ከሚለምኑት አንዱ ነው። አጥቢያችን ገና የቆርቆሮ መቃረቢያ (ጊዜያዊ መቅደስ) ስለሆነች ጥላ የሚይዙት ብዙ ናቸው፤ በዚህ ብቻ ማንነቱ አይለይም። ጥላውን ከመለሰ በኋላ ግን ማታ ማታ ቤቲንግ ቤት፣ የስፖርት ውርርድ የሚቆረጥበት፣ ይገባል። የንስሐ አባቱ ያሉት ጉለሌ ነው፤ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ሳይደርሰው በፊት ይኖርበት በነበረው ሰፈር። ለእሳቸው ይህንኑ ነገር ደጋግሞ ተናዟል። ቀኖና ሰጥተውታል። ስግደቱንም ሰግዷል፣ ዳዊቱንም ደግሟል። ከዚያ ተመልሶ ቲኬት ቆርጧል። አሁን የተበላው ሚስቱ ለዕቁብ አድርስ ብላ የሰጠችውን ገንዘብ ነው። ከጥላው ብር ሰባራ ሳንቲም እንዳልነካ ምሎ ጽፏል።

ጥያቄው አጭር ነበር። ያንኑ ኃጢአት ተሸክሞ እኚያ ሽማግሌ ፊት እንደገና መንበርከክ እግዚአብሔርን መሸንገል መሰለው። ታዲያ እስኪስተካከል ድረስ ከቤተ ክርስቲያን ቢርቅ አይሻልም ወይ?

1ኛዋ መላሽ የብሎክ 12 እናት ናቸው። ጻድቅ ሰባት ጊዜ ወድቆ እንደሚነሣ ምሳሌ 24 ላይ መጻፉን አስታውሰውት፣ አይዞህ ብለውት አለፉ። 2ኛውና 3ኛው አሜን ብቻ ናቸው፤ ከተጣመሩ እጆች ምስል ጋር። እንዲህ ያለ መልስ ክፉ አይደለም። ግን ሰውዬው የጠየቀው መነሣት ይቻላል ወይ ብሎ አይደለም። ተነሥቼ ወዴት ልሂድ ነው ያለው።

የውይይቱን ክር ያቀጣጠለው 4ኛው መልስ ነው። ጸሐፊው ጠንቃቃ ሰው ነው፤ ጾሙን በሰዓቱ የሚጾም፣ ቅዳሴ የማያስታጉል። ለጠያቂው በግልጽ መቅረቱ እንደሚሻል ነገረው። ንስሐ ማለት ዳግመኛ ላለመመለስ መቁረጥ ነው፤ ቁርጥ ሐሳብ የሌለበት ኑዛዜ ካህንን ማድከም ነው የሚል ነው ሐሳቡ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት የሚባለውንም ጨመረበት። ባለፈው እሁድ ምኩራብ እንደነበረ፣ ጌታ በቤተ መቅደስ የሚነግዱትን ገርፎ ማስወጣቱ እንደተነበበም አስታወሰ። ጅራፉ ለማን እንደሆነ አልጻፈም። ሁሉም ገብቶታል።

ከዚያ ነገሩ ወደ ገንዘቡ ዞረ። 5ኛው መላሽ፣ የዕቁብ ብር የበላ ሰው የጥላውን አልነካሁም ሲል ማን ያምነዋል ሲል ጠየቀ። 6ኛውና 7ኛዋ ደገፉት። ኮሚቴው ሒሳቡን በአደባባይ ያሳይ ተባለ። 8ኛው የአንድ ሰው ስም ጠርቶ ነበር፤ የግሩፑ አስተዳዳሪ ወዲያው ሰረዘው። ስሙ የተጠራው ሰው ጠያቂው እንዳልሆነ በኋላ በግልጽ ታውቋል። እስከዚያ ግን ስንቱ አይቶታል። ማታ በሦስት ሰዓት ስልክ ይዞ የሰው ስም መጻፍ እንዴት እንደሚቀል ሳስብ ይገርመኛል።

9ኛው የኮሚቴው አባል ናቸው። ተቆጥተዋል፤ ቁጣቸውም አይፈረድበትም። ጥላው ሲመለስ ምን እንደሚደረግ ደረጃ በደረጃ አስረዱ። ብሩ መቃረቢያው ጎን ባለችው ክፍል ሰሌን ላይ ይዘረገፋል። ሦስት ሰው ይቀመጣል። የተጨማደደው ብር በመዳፍ እየተዳመጠ በዓይነት በዓይነቱ ይደረደራል፤ ሳንቲሙ በጣሳ ይሰፈርና ይቆጠራል። ድምሩ በቃለ ጉባኤ ይገባል፣ ይፈረምበታል፣ በማግስቱ ባንክ ይሄዳል። ጥላ የያዘው ሰው ከቆጣሪዎቹ አንዱ አይሆንም። ስለዚህ ጥርጣሬ ያለው ሰው ግሩፕ ላይ ከሚያማ፣ እሁድ መጥቶ ቆጠራው ላይ እንዲቀመጥ ጋበዙ። እኔ እስከማውቀው ማንም አልመጣም።

10ኛውን መልስ የጻፉት ብሎክ 30 የሚኖሩ አንድ መሪጌታ ናቸው። ብዙ አይጽፉም፤ ሲጽፉም ነጥብና ሥርዓተ ጽሕፈት ጠብቀው ነው። 4ኛው መላሽ ሁለት ነገር እንደቀላቀለ አሳዩት። ማገልገል ሌላ ነው፣ መምጣት ሌላ ነው። ጠያቂው ጥላውን ዛሬውኑ ለሌላ ያስረክብ። በገንዘብ የሚፈተን ሰው ገንዘብ የሚሰበሰብበት ቦታ መቆም የለበትም፤ ይህ ቅጣት ሳይሆን ለእሱም ጥበቃ ነው። ከቅዳሴ ግን አይቅር። ወደ ቁርባን መቼ እንደሚቀርብ የሚወስኑለት የንስሐ አባቱ ናቸው፤ ራሱ በራሱ ላይ ቀኖና አይጽፍም። እዚህ ላይ ትንሽ ጠንከር አሉ። ሰው ራሱን ከቤተ ክርስቲያን ሲያስወጣ ትሕትና ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን ዳኝነትን ከካህኑ እጅ መንጠቅ ነው ባይ ናቸው።

ክሩ እዚህ ቢያልቅ ለእኔ ይበቃኝ ነበር። ግን የኛ ሰው መች በ10 ይጠግባል።

11ኛው መላሽ ወደ ትፋቱ ስለሚመለሰው ውሻ የሚናገረውን የ2ኛ ጴጥሮስ ቃል ወረወረ። ያለ ምንም ማብራሪያ፣ ምዕራፍና ቁጥር ብቻ። ያረመው ያልተጠበቀ ሰው ነው፤ ብሎክ 18 ያለው ጴንጤ ጎረቤታችን። በ12ኛው መልስ፣ ያ ምዕራፍ ከላይ ጀምሮ ሲነበብ ስለ ሐሰተኞች አስተማሪዎች እንደሚናገር አሳየ። ሌላውን ሰው ለማሳት የሚያስተምርና በራሱ ድካም የሚያለቅስ አንድ አይደሉም። እዚህ ድረስ ሁሉም ተስማማ። ቀጥሎ ግን፣ እስከ ጉለሌ መሄድ እንደማያስፈልግ፣ በእግዚአብሔርና በሰው መካከል ያለው መካከለኛ አንድ ብቻ እንደሆነ 1ኛ ጢሞቴዎስ 2ን ጠቅሶ ጨመረ።

ከ13 እስከ 17 ያለውን በዝርዝር አልነግራችሁም። ታውቁታላችሁ። ዮሐንስ 20 ላይ ኃጢአትን የማስተሰረይ ሥልጣን ለሐዋርያት መሰጠቱ ተጠቀሰ። ለምጻሞቹ ራሳቸውን ለካህን እንዲያሳዩ መታዘዛቸው ተጠቀሰ። ከዚያ በኋላ ጥቅሱ ቀረና ስድቡ ቀጠለ። ደረጃ ላይ በየቀኑ ሰላም የሚባባሉ፣ አንዱ ሲታመም ሌላው ሾርባ የሚያደርስ ሰዎች ናቸው እንግዲህ። 18ኛው የአስተዳዳሪው ማስጠንቀቂያ ነው፤ የሚቀጥለው ሰው ከግሩፑ እንደሚወጣ ገለጸ።

የጴንጤው ጎረቤት 19ኛ መልስ ነው ነገሩን ያበረደው። ብቻህን ጨርሰው ማለቱ እንዳልነበረ አብራራ። እሱ ራሱ በየሳምንቱ የቤት ኅብረት ላይ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ለብቻው ይቀመጣል፤ ሳምንቱን እንዴት እንዳሳለፈ ይጠየቃል፣ ይመልሳል። ለዚህም ያዕቆብ 5 ላይ እርስ በርሳችሁ ተናዘዙ የሚለውን ጠቀሰ። 20ኛው፣ ቅድም ሲሰድበው የነበረው ሰው ነው። ይቅርታ አልጠየቀም። ግን እንደገና ብትወድቅ ሽማግሌው ምን ያደርጉሃል ሲል ጠየቀው። 21ኛው መልስ፣ በየቀኑ ማታ ማታ እንዲደውልላቸው እንደሚያደርጉት ነው። ከዚያ በኋላ ሁለቱ አልተጨቃጨቁም። ሥርዓቱ ይለያያል፤ ፊቱን የሚያየው ሰው ያስፈልገዋል በሚለው ግን ተገናኙ። ይህን ማንም ጮክ ብሎ አልተናገረውም፤ እኔ ነኝ የምለው።

22ኛዋ መላሽ ከሁላችንም የምትለይበት ነገር አላት። ቤቲንግ ቤት ገንዘብ ተቀባይ ሆና ሠርታለች። የት እንደሆነ አልጻፈችም፣ እኔም አልጠየቅኋትም። ውስጡን እንዲህ አሳየችን። ግድግዳው በስክሪን ተሞልቷል። ወለሉ የተቀደደ ቲኬት ነው፤ በየሰዓቱ ቢጠረግም አይጠራም። እሁድ ረፋድ ላይ ነጠላቸውን አጣጥፈው በፌስታል የያዙ ወንዶች ይገባሉ። ፌስታሉን እግራቸው ሥር ያስቀምጡታል። እርስ በርስ አይተያዩም፤ የአንድ ሰፈር ሰዎች እንኳ ሰላም አይባባሉም። መስኮቱ ጋ ሲደርሱ ቶሎ በይ ይሏታል፣ የሚያሳድዳቸው እንዳለ ሁሉ።

ዋናው ቁም ነገሯ ግን ሌላ ነው። ስምንት ጨዋታ መርጦ ስምንቱም የተበላበት ሰው ቀዝቀዝ ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሰባቱ ደርሰውለት በአንዱ የተበላው ግን ሰዓት ሳይሞላ ተመልሶ ይመጣል። ለጥቂት የሳተው ይመስለዋላ። ደግሞ አብዛኛው ሰው ደስታ ፈልጎ አይደለም የሚገባው፤ የተበላውን ለማስመለስ ነው። ስለዚህ ጠያቂው ፈተናውን ብቻ ሳይሆን ዕዳውንም ቢያስብበት መከረችው። ዕዳው ተደብቆ እስካለ ድረስ ሰባት ሱባዔ ቢገባ እግሩ ወደዚያው ይወስደዋል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለዚህ ነው ስትል ደመደመች።

23ኛው የሒሳብ መምህር ናቸው፤ ዕድሉን አስልተው አመጡ። እያንዳንዱ ጨዋታ ግማሽ በግማሽ ዕድል ቢኖረው፣ ስምንቱም አንድ ላይ የሚደርሱት ከ256 አንዴ ነው። 24ኛው መላሽ ከዚህ የተማረው ነገር ቢኖር ሦስት ጨዋታ ብቻ መቁረጥ እንደሚሻል ነው! ከ8 አንዴ ማለት እኮ ነው ብሎ ጻፈ። መምህሩ ምን እንደተሰማቸው እግዜር ይወቅ። 25ኛው ደግሞ መንግሥት ፈቃድ የሰጠው ነገር እንዴት ኃጢአት ይሆናል አለ። የብሎክ 12ዋ እናት ተመልሰው መጡና፣ አረቄም በፈቃድ እንደሚሸጥ፣ የባላቸው ጉበት ግን ፈቃድ እንዳልጠየቀ ነገሩት። ይህ 26ኛው ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ ፈቃድ ያነሳ የለም።

እሁድ ጠዋት ሰው ከቅዳሴ ሲመለስ ክሩ እንደገና ተነሣ። 27ኛው መላሽ ዕብራውያን 10 ቁጥር 26ን አመጣ። እውነቱን ካወቅን በኋላ ወደን ብንበድል ለኃጢአት የሚሆን መሥዋዕት እንደማይቀር የሚናገረውን። ከባድ ቃል ነው። ስንት ሰው በዚህ ጥቅስ ተስፋ ቆርጦ እንደቀረ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጸሐፊው ክፋት አልነበረበትም፤ ለማስፈራራት ብሎ ነው፣ ለጥቅሙ።

28ኛዋ መላሽ ስትመልስለት ጥቅሱን አልተቃወመችም። አንድ መስመር ወደ ላይ ከፍ ብሎ ቁጥር 25ን እንዲያነብ ብቻ ጠየቀችው። እዚያ ላይ አንዳንዶች ልማድ እንዳደረጉት መሰብሰባችንን እንዳንተው ተጽፏል። እንግዲህ የሚያስፈራው ቃል የመጣው ከመሰብሰብ ስለ መቅረት ከተነገረ በኋላ ነው። ጠያቂው ደግሞ ልቅር ወይ እያለ ነው ያለው። ከዚያ የወንድሟን ነገር ጻፈች። መጠጥ ሳልተው ታቦት ፊት አልቆምም ብሎ ነበር። ሰውም አከበረው፤ እግዚአብሔርን የሚፈራ ነው ተባለለት። መጀመሪያ ቅዳሴው ቀረ። ከዚያ ጾሙ ላላ፤ ስለማልቆርብ ምን አደክመኝ በሚል። ከዚያ የንስሐ አባቱ ሲመጡ ሌላ ክፍል መግባት ጀመረ። ከዚያ የጽዋ ማኅበሩ ተራ ሲደርሰው ብር ልኮ ቀረ። መጠጡን ግን አልተወም። አሁን የሚጠጣው ከበፊቱ በላይ ነው፤ የሚቆጣው ሰው ስለሌለ።

ለእኔ የክሩ ምርጥ መልስ ይህ ነው። 4ኛው መላሽ የንስሐን ክብር ሊጠብቅ ፈልጎ ነው፤ ይገባኛል። ካህንን መቀለጃ ማድረግ አለ፤ አይተናል። ነገር ግን የእሱ ምክር የሚሠራው ብቻውን ራሱን ማስተካከል ለሚችል ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ቢኖር ደግሞ ምክሩ ባላስፈለገው። ሐፍረት ብዙ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ይዞ ሲወጣ ነው ያየሁት፤ ቤቲንጉ ራሱ ይዞት ከወጣው ይበልጣል።

29ኛው መልስ ስለ ቅዱስ ያሬድ ነው። ትምህርቱ አልገባ ብሎት ሲኮበልል፣ ዛፍ ላይ ለመውጣት ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው የተሳካላትን ትል ማየቱ። (ያሬድና ትሏ ሳይነሱ የሚያልቅ ውይይት አጋጥሟችሁ ያውቃል?) 30ኛው ከሰባት ጊዜ በላይ ወድቃለች ብሎ ሊከራከር ሞከረ፤ የሰማው የለም።

በዕለቱ ወንጌል ላይ የተነሣው ግን ቁም ነገር ነበረው። 31ኛው የሰንበት ተማሪ ልጅ ነው። መጻጉዕ 38 ዓመት ሙሉ መጠመቂያው ዳር ተኝቶ፣ ሌላው እየቀደመው፣ ከዚያ አለመነሣቱን አደነቀ። ጠያቂውም እንደዚያው ደጁን እንዳይለቅ። መሪጌታው በ32ኛው መልስ ልጁን በፍቅር አረሙት። 38 ዓመቱ የታመመበት ዘመን ነው፤ መጠመቂያው ዳር ስንት ዓመት እንደተኛ ዮሐንስ 5 አይናገርም፣ ብዙ ዘመን እንደሆነ ብቻ እንጂ። ትምህርቱ ግን ልክ ነው ብለው አጽድቀውለታል። 33ኛዋ ደግሞ ሰባኪዎቻችን የሚናገሩትን ትውፊት አነሣች። ያ የተፈወሰው ሰው በኋላ በጸሎተ ሐሙስ ሌሊት ጌታን በጥፊ መታው ይባላል። ስለዚህ ተፈውሶ መመለስ ከሁሉ ይከፋል ስትል አስጠነቀቀች። ለዚህም ጌታ በመቅደስ ሲያገኘው የሚብስ እንዳይደርስብህ ደግመህ አትበድል ማለቱን አስታወሰች።

ለዚህ ማንም መልስ አልነበረውም። ክሩ ለሰዓታት ዝም አለ። እውነት ነውና። ቤተ ክርስቲያናችን ደጋግሞ የወደቀውን ትቀበላለች፤ መውደቅን ግን ቀላል ነገር አታደርገውም። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ የከበደን እኛ ነን።

ቀጥሎ የመጣው የትራንስፖርት ወሬ ነው። 34ኛው፣ ጉለሌ ድረስ መመላለሱ ራሱ ለንስሐ እንቅፋት እንደሆነ ጻፈ። ከኮዬ ቱሉ ዲምቱ፣ ከዚያ ቃሊቲ፣ ከቃሊቲ መሀል ከተማ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ታክሲ። ግማሽ ቀን ይሄዳል። ከዚያ ሰልፉ፣ ከዚያ የታክሲ ረዳቶች ጭማሪ፤ ብዙ ሰው ብሶቱን አፈሰሰ፤ ቁጥሩ ውስጥ አላስገባሁትም። ሐሳቡ ግን ከንቱ አይደለም። ወደ ዳር ከተማ የወጣነው አብዛኞቻችን የንስሐ አባታችንን፣ ዕድራችንን፣ ማኅበራችንን እዚያው ትተን ነው የመጣነው። ስንቶቻችን ነን አዲስ የያዝነው? 35ኛው እዚሁ መቃረቢያው ካሉት ካህናት አንዱን እንዲይዝ መከረ። መሪጌታው ይቻላል፣ ግን ከፊተኛው አባት በወጉ ተሰናብቶ ነው አሉ። ያንን ኃጢአት የማያውቅ ካህን ፍለጋ ከሆነ ግን አልሸሹም ዞር አሉ ነው።

36ኛው መልስ የጠያቂው ነው፤ እሁድ ማታ። ቅዳሴ ሄዶ ነበር። ከኋላ፣ ቆርቆሮው ግድግዳ ጥግ ቆሞ አስቀደሰ። ጥላውን አልያዘም፤ ወገቤን ብሎ ለሌላ ሰጠ። ከዚያ ጉለሌ ደወለ። እንደሚቆጡት ጠብቆ ነበር። ሽማግሌው ስለ ቤቲንጉ ብዙም አልጠየቁትም። የቆጫቸው ከጥምቀት ወዲህ ድምፁ መጥፋቱ ነው። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት፤ ሚስትህ ታውቃለች ወይ። አታውቅም። እንግዲያውስ ከመምጣቱ በፊት ለእሷ እንዲነግር አዘዙት። ስግደት አልጨመሩበትም። ጠያቂው 300 ስግደት በሰጡኝ ይሻለኝ ነበር ብሎ ጻፈ።

37ኛው ኑዛዜ በስልክ አይሆንም ሲል ተቃወመ። 38ኛው ላይ ጠያቂው፣ ንግግር እንጂ ኑዛዜ እንዳልነበረ፣ ለንስሐውማ በአካል እንደሚሄድ አስረዳ። 39ኛው መላሽ፣ በጾም ቤት እንዳይታወክ እስከ ፋሲካ ቢያቆየው የሚል ምክር አመጣ። ሴቶቹ አላስጨረሱትም። እስከ ፋሲካ ስንት ዕቁብ እንደሚጣል ያሰላችለት አለች። ሚስቲቱ ይህንን ግሩፕ እያነበበች ሊሆን እንደሚችል ያስታወሰችውም አለች። የብሎክ 12ዋ እናት ደግሞ በድምፅ መልእክት ገቡ። ባላቸው ካርታ ይጫወቱ በነበረ ጊዜ የጎዳቸው የጠፋው ብር ሳይሆን፣ ከሌላ ሰው መስማታቸው እንደነበረ ተናገሩ። ድምፃቸው መሀል ላይ ተቆረጠ፤ መብራት ሄዶ መሰለኝ።

40ኛውን የጻፉት የዕቁብ ዳኛ ናቸው። እሳቸውም ግሩፑ ውስጥ እንዳሉ ሁላችንም ረስተነዋል። ሃይማኖት እንደማያውቁ በትሕትና ገልጸው፣ ሒሳብ ግን እንደሚያውቁ ጻፉ። ሦስት ዙር ያልተከፈለ አለ። ማን እንደሆነ አልተናገሩም። ከሚቀጥለው እሁድ ዕጣ በፊት ሰውየው ራሱ ከመጣ ከፋፍለው ያስከፍሉታል። ካልመጣ ዋሱን መጥራት ግዴታቸው ነው።

41ኛው መላሽ፣ ንስሐ ሊገባ የተነሣን ሰው ማስፈራራት ተገቢ እንዳልሆነ ወቀሳቸው። ዳኛው በ42ኛው ቆጣ ብለው መለሱ። ከዕቁቡ አባላት ብዙዎቹ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡና ቢሮ የሚያጸዱ ሴቶች ናቸው። የሚቀጥለው ዕጣ የሚወጣላት ሴት የልጇን የትምህርት ቤት ክፍያ ይዛ የምትጠብቀው በዚህ ብር ነው። ስለዚህ ንስሐ ስትሉ እሷንም አትርሷት ባይ ናቸው። ይህን የተከራከረ አልነበረም።

ሰኞ ማታ ጠያቂው 43ኛውን ጻፈ። ሐሙስ ማታ ዳኛው ቤት እንደሚመጣ፣ ብቻውን እንዳልሆነና ሚስቱም አብራው እንደምትመጣ። ዳኛው ሐሙስ እንደማይመቻቸው፣ ረቡዕ ከ12 ሰዓት በኋላ ግን ቤት እንዳሉ መለሱለት።